ግንዱ አንድ፥ ቅርንጫፉ ብዙ

ሰው በአንድ ሙያ ጸንቶ ቢሠራ ይሻለዋልን፥ ወይስ እጁን ወደ ብዙ ሥራ ቢዘረጋ ይጠቅመዋል? ይህ ጥያቄ ዛሬ የተነሣ አይደለም። አባቶቻችን ለዚህ ጥያቄ ሁለት ተረት ትተውልናል። አንደኛው «ሁለት ያባረረ አንድም አልያዘ» ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ «ከአንድ ብርቱ ሁለት መድኃኒቱ» ይላል። ሁለቱም እውነት ናቸው፤ እውነትነታቸው ግን በየቦታቸው ነው። የትኛው ተረት በየትኛው ሥራ ላይ እንደሚውል ያልለየ ሰው በተረቱ ይጎዳል እንጂ አይጠቀምም። ስለዚህ በዚህ ወር ነገሩን በአንድ ትንሽ ሙያ፥ በፎቶግራፍ ማንሣት ሥራ፥ እንመርምረው። ለምሳሌ የምንወስደውም በሱዳን ወሰን ላይ ያለውን የመተማን ቆላ ነው።

በመተማ ወረዳ ሰሊጥ የሚያመርት አንድ ገበሬ አለ እንበል። ሰሊጡን በጥቅምት አጭዶ በኅዳር ሸጠና፥ ከዕዳው የተረፈውን ገንዘብ ይዞ ወደ ቤቱ ገባ። ልጁ ትምህርቱን እስከ 12ኛ ክፍል ከተማረ በኋላ በጎንደር ከተማ በአንድ ፎቶግራፍ ቤት ሁለት ዓመት ተቀጥሮ ሙያውን አጥንቷል። አሁን በገንዳ ውኃ ከተማ በዋናው መንገድ ዳር የራሱን ፎቶግራፍ ቤት ሊከፍት ይፈልጋል። ቡና ተፈልቶ ቤተሰቡ ይመካከራል። ልጁ «እኔ የምሠራው ሠርግ ብቻ ነው፤ ሠርግ ብዙ ገንዘብ ያስገኛል፥ ስምም ያስጠራል» ይላል። አጎቱ ደግሞ «የለም ልጄ፤ ፎቶ ኮፒውንም፥ የኮምፒዩተር ጽሕፈቱንም፥ የስልክ ጥገናውንም ሁሉንም አስገባ፤ አንዱ ቢቀዘቅዝ ሌላው ያበላሃል» ይለዋል። አባት ዝም ብሎ ያዳምጣል፤ ገንዘቡ የዓመት ላቡ ነውና። በመጨረሻ እናት ቡናውን እየቀዳች «ልጄ፥ በጾሙ ወራት ማን ያገባል?» ስትል ትጠይቃለች።

ይህች አጭር ጥያቄ ከሁለቱ ወንዶች ረጅም ንግግር ትበልጣለች። እስቲ ቀኖቹን እንቍጠር። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። ጾመ ነቢያት ከኅዳር 15 ቀን ጀምሮ እስከ ልደት ዋዜማ ከ40 ቀን ይበልጣል። ጾመ ፍልሰታ ከነሐሴ 1 ቀን እስከ 15 ቀን ይጾማል። እነዚህ ሦስቱ ብቻ ከ110 ቀን በላይ ይሆናሉ። የጾመ ሐዋርያት ቀኖች ከትንሣኤ በዓል ጋር ከፍና ዝቅ ስለሚሉ በዚህ ሒሳብ አላገባናቸውም። በእነዚህ ወራት የኦርቶዶክስ ቤተሰብ ድግስ ደግሶ ልጁን አይድርም። በዚያውም ላይ ክረምቱ ሲገባ የቆላው ሰው ሁሉ ከእርሻው ላይ ነው፤ የዋልካው መሬት ጭቃም መንገደኛን አያሳልፍም። እንግዲህ ዋናው የሠርግ ጊዜ ከጥምቀት በኋላ እስከ ዐቢይ ጾም መግቢያ፥ ደግሞም ከዳግም ትንሣኤ በኋላ እስከ ዝናቡ መግቢያ ነው። በእነዚህ ጥቂት ሳምንታት ውስጥ ሠርጉ ይደራረባል፤ በአንድ እሑድ ብዙ ድግስ ይውላል። አንድ ካሜራ የያዘ ሰው ግን መሄድ የሚችለው ወደ አንዱ ቤት ብቻ ነው። ስለዚህ ሠርግ ብቻ የሚያነሣ ሰው በሥራው ጊዜ ሥራው ከእጁ ይተርፈዋል፤ በጾሙና በክረምቱ ጊዜ ደግሞ እጁ ከሥራ ይተርፋል። የቤት ኪራይ ግን ጾምና ፍስክ አይለይም።

የቆላው ገበሬ ይህን ትምህርት ከሰሊጡ ተምሮታል። ሰሊጥ መተማን፥ ቋራንና የአርማጭሆን ቆላ በዓለም ገበያ ያስጠራ ሀብት ነው። የዚያ አካባቢ ነጭ ሰሊጥ በኢትዮጵያ ምርት ገበያ የሁመራ ጎንደር ዓይነት ተብሎ በስሙ ይሸጣል። ይህ ስም የተገኘው አገሩ በአንድ ነገር ስለ በረታ ነው። ሆኖም ዋጋው የሚቈረጠው በመተማ አይደለም፤ ትልቋ ገዢ ቻይና ናትና፥ እዚያ ገበያው ሲቀዘቅዝ በገንዳ ውኃ ያለው ነጋዴ ፊቱ ይጠቍራል። ደግሞም የሰሊጥ ፍሬ በደረሰ ጊዜ ቅርፊቱ ይፈነዳል፤ አጫጅ ቢጠፋና ጥቂት ቀን ቢዘገይ ፍሬው መሬት ላይ ይፈስሳል። ስለዚህ ልባም ገበሬ ከሰሊጡ ጋር ማሽላ ይዘራል፤ ጥጥም ይጨምራል። ማሽላው ቤቱን ይመግባል፤ በሰሊጥ የደከመውን መሬትም እያፈራረቀ ያሳርፋል። ጥጡም ሰሊጥ ከታጨደ በኋላ የሚለቀም ስለ ሆነ ሌላ የገንዘብ ወቅት ይከፍትለታል።

እዚህ ላይ አንባቢ ልብ እንዲል ያስፈልጋል። ይህ ገበሬ ሦስት ዓይነት ዘር ዘራ እንጂ ግብርናውን ትቶ በአንድ ጊዜ ነጋዴም አንጥረኛም ሸማኔም አልሆነም። መሬቱ አንድ ነው፤ ዕውቀቱም አንድ ነው። ያበዛው ወቅቱንና ገበያውን ነው። በመጽሐፈ መክብብ ጠቢቡ በማለዳም በማታም መዝራትን ሲመክር፥ ዘሪው ያው አንዱ ዘሪ መሆኑን መርሳት አይገባም። ለፎቶግራፍ አንሺውም የምንመክረው ነገር ይኸው ነው፤ እጅህን በአንድ ሙያ አጽና፥ ደንበኛህንና ወቅትህን ግን አብዛ።

ሠርጉን ትቶ ሌላ አንድ ነገር ብቻ ቢይዝስ? ለብዙ ዘመን የትንሽ ከተማ ፎቶግራፍ ቤት የዘወትር እንጀራ ጉርድ ፎቶግራፍ ነበር። ለቀበሌ መታወቂያ፥ ለትምህርት ቤት መዝገብ፥ ለሥራ ማመልከቻ ሰው ሁሉ አራት ወይም ስምንት ጉርድ ይነሣ ነበር። ጉርድ ጾምና ክረምት ስለማይከለክለው ከሠርግ ይልቅ የታመነ ይመስል ነበር። አሁን ግን በ2015 ዓ.ም. በወጣው የዲጂታል መታወቂያ አዋጅ የጸናው «ፋይዳ» የሚባለው መታወቂያ የሰውየውን መልክ፥ የጣቶቹን አሻራና የዐይኑን ብሌን በምዝገባው ጣቢያ ራሱ ያነሣል። ይህ ለአገር መልካም ነገር ነው፤ ኑሮውን በጉርድ ብቻ ለመሠረተ ሰው ግን ማስጠንቀቂያ ነው። የሰሊጡን ዋጋ ሩቅ አገር እንደሚቈርጠው፥ የጉርዱንም ዕድል ሩቅ ቢሮ ይቈርጠዋል።

ደንበኛው ንጉሥ እንኳ ቢሆን ነገሩ ከዚህ አይለይም። አርመናዊው ቤድሮስ ቦያጂያን በዐፄ ምኒልክ ዘመን የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ ነበር፤ ከእርሱም በኋላ ልጆቹ ይህንኑ ሙያ ወርሰው ነገሥታቱን አንሥተዋል። ዛሬ የምናያቸው ብዙ የነገሥታት ሥዕሎች የዚያ ቤተሰብ የእጅ ሥራ ናቸው። ነገር ግን መስከረም 2 ቀን 1967 ዓ.ም. ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ከዙፋናቸው ሲወርዱ፥ የቤተ መንግሥት ፎቶግራፍ አንሺ የሚባለው ማዕርግም የቆመበትን ምሰሶ አጣ። ዙፋን ያልፋል፤ የሰውን ፊት አሳምሮ የማንሣት ሙያ ግን ከባለሙያው ጋር ይቀራል።

እንግዲህ የአጎት ምክር ያሸንፋልን? እርሱም አያሸንፍም። የሰሊጡ ገንዘብ በአራት ቢከፈል አራት ደካማ ሥራ ይሆናል እንጂ አራት ብርቱ ሥራ አይሆንም። የፎቶ ኮፒው መኪና ቀለም፥ ወረቀትና ጠጋኝ ይፈልጋል፤ የመተማ አቧራና የመጋቢትና የሚያዝያ ሐሩርም ለመኪና አይራራም። መብራት በጠፋ ቀን አራቱም በአንድነት ይቆማሉ፤ ስለዚህ ሥራውን በአራት የከፈለው ሰው ከአደጋው አላመለጠም። ፎቶ ኮፒ ብቻ የሚሠራው ጎረቤቱ በፎቶ ኮፒ ይበልጠዋል፤ ስልክ ጠጋኙ በስልክ ይበልጠዋል፤ እርሱም በሁሉ ሁለተኛ ሆኖ ይቀራል። ከሁሉ የሚከፋው ደግሞ ቀኑን ሙሉ ወረቀት ሲያባዛ የዋለ ወጣት ካሜራውን የሚያነሣበት ጊዜ አለማግኘቱ ነው። ሁለት ዓመት የተማረው እጅ ቀስ በቀስ ይረሳል።

በዓለም ላይም ይህን በግልጥ የሚያሳይ የታወቀ ታሪክ አለ። ኮዳክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ፎቶግራፍ ማንሣትን ከባለጸጎች እጅ አውጥቶ ለተራው ሰው ያደረሰ ድርጅት ነበር። ፊልም የሌለበትን የመጀመሪያውን ዲጂታል ካሜራ በ1968 ዓ.ም. የሠራው የዚሁ ኩባንያ መሐንዲስ ስቲቨን ሳሰን ነው። ኩባንያው ግን ትልቁ ገቢው ከፊልም ሽያጭ ይመጣ ስለ ነበር አዲሱን ነገር በሙሉ ልብ አልያዘውም። ሥራውን ለማስፋት በፈለገ ጊዜ ደግሞ በ1980 ዓ.ም. ስተርሊንግ ድራግ የሚባል የመድኃኒት ኩባንያ ከ5 ቢሊዮን ዶላር በሚበልጥ ዋጋ ገዛ፤ በ1986 ዓ.ም. ግን ከፋፍሎ ሸጠው። በመጨረሻም በጥር 2004 ዓ.ም. ዕዳውን መክፈል አቅቶት ወደ ፍርድ ቤት ቀረበ።

ተወዳዳሪው የጃፓኑ ፉጂፊልም ሌላ መንገድ ሄደ። የፊልም ገበያ እንደሚደርቅ ባየ ጊዜ «እኛ በእውነት የምናውቀው ምንድን ነው?» ብሎ ራሱን ጠየቀ። ፊልም የሚሠራው ከቆዳና ከአጥንት ከሚገኘው ከኮላጅን በሚወጣ ጄላቲን ነው፤ የፎቶግራፍ ቀለም በጊዜ ብዛት እንዳይደበዝዝ መከላከልም የኩባንያው የዘመናት ጥበብ ነበር። ስለዚህ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ያንኑ ዕውቀት ይዞ የፊት ቆዳ መጠበቂያ ቅባት ማውጣት ጀመረ። ስስ ፊልም የመሥራቱን ጥበብ ደግሞ ለቴሌቪዥንና ለኮምፒዩተር መስታወት የሚሆን ልባስ ለመሥራት አዋለው። እነሆ ሁለቱም ኩባንያዎች ሥራቸውን ለማብዛት ሞክረዋል። ልዩነቱ ፉጂፊልም ከራሱ ግንድ ቅርንጫፍ ማውጣቱ፥ ኮዳክ ግን የሌላ ዛፍ ቅርንጫፍ በውድ ዋጋ ገዝቶ መቀጠሉ ነው።

ይህ የትልልቅ ኩባንያ ወሬ ለገንዳ ውኃ ፎቶግራፍ ቤት የራቀ መስሎ እንዳይታይ፥ ወደ አፍሪካዊቱ ከተማ ወደ ባማኮ እንሂድ። በማሊ ዋና ከተማ በባማኮ ሁለት ስመ ጥር ፎቶግራፍ አንሺዎች ነበሩ። ሴዱ ኬይታ በ1940 ዓ.ም. ገደማ በባቡር ጣቢያው አካባቢ ፎቶግራፍ ቤት ከፈተ። ሥራው አንድ ነበር፤ የሰውን መልክ በክብር ማንሣት። ደንበኞቹ ግን ብዙ ነበሩ፤ የከተማው ሰው ሁሉ፥ በባቡር የሚመጣውም መንገደኛ፥ አምሮና ለብሶ ወደ እርሱ ይመጣ ነበር። ማሊ ነጻ ከወጣች በኋላ መንግሥት ለራሱ ሥራ ወሰደውና ቤቱ ተዘጋ። ከእርሱ ኋላ የተነሣው ማሊክ ሲዲቤ ደግሞ በቤቱ ውስጥ መልክ ከማንሣቱም በላይ፥ ሌሊት ወጣቶች ወደሚጨፍሩበት በብስክሌት እየሄደ ያነሣ ነበር። ሌሊቱን ፊልሙን አጥቦ ትንንሽ ቅጂዎች ያሳያቸዋል፤ እነርሱም የሚወዱትን መርጠው ያዛሉ። የተበላሸ ካሜራም ይጠግን ነበር። በ1999 ዓ.ም. በኢጣልያ አገር በቬኒስ የወርቅ አንበሳ የተባለውን የዕድሜ ልክ ሽልማት ሲቀበል፥ ይህን ክብር ያገኘ የመጀመሪያው ፎቶግራፍ አንሺና የመጀመሪያው አፍሪካዊ ሆነ። ተመልከቱ፤ ሲዲቤ ብዙ ነገር ሠራ፤ የሠራው ሁሉ ግን ከካሜራው አልራቀም።

አሁን ወደ ቆላው እንመለስ። ለዚህ ወጣት ከግንዱ የሚወጡ ቅርንጫፎች የትኞቹ ናቸው? የመጀመሪያው ክርስትና ነው። ወንድ ልጅ በ40 ቀን፥ ሴት ልጅ በ80 ቀን ክርስትና ትነሣለች፤ ልጅም በየወሩ ይወለዳል። ስለዚህ የክርስትና ሥራ ከሰሙነ ሕማማት በቀር ዓመቱን ሙሉ የሚዘልቅ ነው፤ ከሠርግ ያነሰ ገንዘብ ቢያስገኝም የጾሙን ወራት ያሻግራል። ሁለተኛው የሙስሊም ጎረቤቶቻችን ሠርግና በዓል ነው። የእነርሱ ወሮች በጨረቃ ስለሚቈጠሩ በየዓመቱ ወደ 11 ቀን ያህል ወደ ፊት ይመጣሉ፤ ስለዚህ የእኛ ጾም ከእነርሱ የድግስ ጊዜ ጋር የሚገጥምባቸው ዓመታት አሉ። በአንድ ከተማ አብሮ የሚኖረውን ጎረቤት በክብር ማገልገል ፍቅርም ነው፥ ልባምነትም ነው።

ሦስተኛው የቀን ሠራተኛው ነው። በየዓመቱ ከደጋው ብዙ ሕዝብ ለአረምና ለአጨዳ ወደ መተማ ይወርዳል። ከእነርሱ ብዙዎቹ በወባና በካላዛር ይታመማሉ፤ ሳይመለስ የሚቀርም አለ። በጥቅምት ደመወዙን የተቀበለ ወጣት ለእናቱ የሚልከው አንድ ታትሞ የወጣ ፎቶግራፍ ዋጋው ስንት እንደ ሆነ የምታውቀው እናቲቱ ብቻ ናት። ስልክ ይሰበራል፥ ይሰረቃል፤ በግድግዳ ላይ የተሰቀለው መልክ ግን ይቆያል። ከዚህ ሠራተኛ ትንሽ ዋጋ ተቀብሎ መልካም ሥራ መሥራት በብዛቱ ያተርፋል፤ በሕሊናም ፊት ያስከብራል። አራተኛው ያረጀውንና የተቀደደውን ፎቶግራፍ ማደስና ማጉላት ነው። ይህ ለዝናብ ቀንና ለሥራ ፈት ወራት የሚሆን የቤት ውስጥ ሥራ ነው፤ ለተዝካርና ለመታሰቢያ የሚፈልገው ሰውም ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም።

በድንበር ላይ ብቻ መደገፍም አይገባም። በሱዳን ጦርነቱ ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ከተነሣ ወዲህ ብዙ ሺህ ሕዝብ፥ ሱዳናውያንም ከካርቱም የተመለሱ ወገኖቻችንም፥ በመተማ በኩል ተሻግረዋል። የድንበር ከተማ ዕድሏ እንዲህ ነው፤ ዛሬ ትጨናነቃለች፥ ነገ መንገዱ ሲዘጋ ጸጥ ትላለች። ከአላፊ አግዳሚው ብቻ የሚያገኝ ፎቶግራፍ አንሺ መንገዱ በተዘጋ ቀን በሩን ይዘጋል። በአካባቢው ሰው ዘንድ የታወቀው ግን ይቆያል።

ይህ ሁሉ ቅርንጫፍ የሚጸናው ግን ግንዱ ሲጠነክር ነው። ግንዱ ምንድን ነው? የሰውን ፊት በትክክል ማንሣት ነው። ይህ ቀላል መስሎ ይታያል፤ አይደለም። የቆላው ፀሐይ ብርቱ ነው፤ የሰዉ ፊት ጠይም ወይም ጥቁር ነው፤ የእናቶች ነጠላም ነጭ ነው። ካሜራው ራሱ እንዲለካ የተተወ እንደ ሆነ፥ በነጩ ልብስ ብርሃን ተታሎ ሥዕሉን ያጠቍረዋል፤ ነጠላው አምሮ ይወጣና ፊቲቱ ጨለማ ትሆናለች። ሙያተኛው ብርሃኑን ከፊት ላይ ይለካል፤ ሰዎቹን ወደ ጥላ ያስጠጋል፤ ማለዳንና ሠርክን ይመርጣል። በስልኩ ሁሉም ሰው ሥዕል በሚያነሣበት ዘመን ሰው ከቤቱ ወጥቶ፥ ገንዘብ ከፍሎ ወደ ፎቶግራፍ ቤት የሚመጣው ስለዚህ ልዩነት ብቻ ነው። ይህን ልዩነት ያላወቀ ሰው አሥር ሥራ ቢጨምር አያድነውም።

ስለዚህ ለዚህ ወጣትና ለመሰሎቹ ሁሉ የምንሰጠው ምክር አጭር ነው። አንደኛ፥ በአንድ ወረቀት ላይ ከመስከረም እስከ ጳጉሜን 13 መስመር ጻፍና፥ በየመስመሩ ትይዩ በዚያ ወር ማን ደጅህን እንደሚረግጥ አስፍር። ባዶ የቀረው መስመር የምትጨምረውን ሥራ ይነግርሃል። ሁለተኛ፥ አዲስ ሥራ ልትጨምር ስታስብ «ይህ በያዝሁት ካሜራና በተማርሁት ሙያ ይሠራልን? በዋናው ሥራዬስ ያበረታኛልን?» ብለህ ጠይቅ፤ መልሱ አይደለም ከሆነ ለጎረቤትህ ተወው። ሦስተኛ፥ በዓመት ከአንድ ቅርንጫፍ በላይ አትጨምር፤ የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ይባላልና። አራተኛ፥ ያነሣኸውን ሁሉ በሁለት ቦታ አስቀምጥ፤ የሰው መልክ በአንተ ዘንድ የተቀመጠ አደራ ነው። በመስኮትህ ላይ ስትሰቅለውም ባለቤቱን አስፈቅድ።

ለወላጆች ደግሞ አንድ ቃል እንጨምራለን። የሰሊጡን ገንዘብ በሙሉ ለልጁ ካሜራ አትስጡ፤ በሰኔ ዘር ይገዛል፥ በክረምትም የአራሚ ደመወዝ ይከፈላል። ሙያው በአንድ ደኅና ካሜራና በአንድ ማተሚያ ሊጀመር ይችላል፤ የቀረውን ሙያው ራሱ ሠርቶ ይግዛው። እንዲሁም ልጁ በአንድ ነገር ሲጸና ሰነፍ ነው፥ ሥራ አያበዛም ብላችሁ አታስቸኵሉት። ዛፍ ሥር ሲሰድድ ለዐይን አይታይም፤ ነፋስ በመጣ ጊዜ ግን ሥሩ ይታወቃል።

እግዚአብሔር የእጃችንን ሥራ ይባርክልን።